ከጊቢ ወጥቼ አራተኛ ፎቅ ገባሁ፤ ጓሮዬም ጎረቤቴም ቀሩ

የድሮ ሰፈር ልጅ
ሰኔ 4 ቀን 2017፣ ምሽት 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ስታወሩ ከማንበብ በቀር ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ግን አላስችል አለኝ።

ከሦስት ወር በፊት ከጊቢ ቤት ወጥተን ኮንዶሚኒየም ገባን። ቤቱ አይከፋም። ውሃ በፈረቃ ነው፣ እሱንም ለምደነዋል። ያልለመድኩት ሰኔ ሲገባ እጄ ሥራ መፍታቱን ነው። ድሮ ቢሆን በዚህ ሰሞን መደብ አስተካክዬ፣ ፍግ በትኜ፣ የጎመን ችግኝ ፍለጋ ላይ ነኝ። አሁን በረንዳ ላይ ቆሜ ዝናብ ኮንክሪት ሲያጥብ አያለሁ።

የድሮው ጓሮ ትልቅ እንዳይመስላችሁ። አራት ሜትር በስድስት ቢሆን ነው። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ጥግ ላይ አንድ ጌሾ፣ በሩ አጠገብ ጤና አዳም። ከጎረቤታችን የሚለየን የቆርቆሮ አጥር ነበር። አንዱ ቆርቆሮ ከታች በዝገት ተበልቶ ክንድ ያሳልፋል። እማማ (ስማቸውን ብጽፍ ይቆጡኛል) መጀመሪያ በዚያች ቀዳዳ አምስት የጎመን ችግኝ አቀበሉኝ፣ በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልለው። እኔ ቆስጣ ሲበዛብኝ መለስኩ። ቀጥሎ ኮሰረት መጣ። ቀጥሎ ቡና ጠሩኝ። ዘጠኝ ዓመት እንዲሁ ሆነ። ባለቤቴ አንድ ጊዜ ቆርቆሮውን ላስጠግን ቢል ሁለታችንም ጮህንበት።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። በረንዳዬ ሁለት ሜትር በአንድ ተኩል ነው፣ ፀሐይ የሚያገኘው ከሰዓት በኋላ ብቻ። በክረምት ምን ይሆንልኛል? ሁለተኛው ትንሽ ያሳፍራል። አጥር የሌለው ሰው ከጎረቤት ጋር እንዴት ነው የሚተዋወቀው? በሦስት ወር ውስጥ «ደህና ዋልሽ» ያለኝ የብሎካችን ጥበቃ ብቻ ነው።

በሶብላ
ሰኔ 4 ቀን 2017፣ ምሽት 3፡15

እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ! የቆርቆሮዋን ነገር ሳነብ ሳቄ መጣ። እኛም ቤት እንዲህ ያለች ነበረች፣ የእኛዋ ግን ዶሮም ታሳልፍ ስለነበር ጠቡም አልቀረም።

እኔም ኮንዶ ነኝ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ስድስተኛ ዓመቴ። የሚያምር የአበባ ማስቀመጫ ምናምን አትግዢ። ቢጫ ጀሪካን ጎኑን ቆርጠሽ አስተኚው፣ ለቆስጣና ለሰላጣ ይበቃል። ማዳበሪያም (ጆንያውን ማለቴ ነው) አፉን ወደ ውጭ ጠቅልለሽ አፈር ብትሞዪው ድንች ሳይቀር ያወጣል። የቀለም ባልዲ ግን ለሚበላ ነገር እኔ አልደፍርም። ከሥሩ ቀዳዳ ይኑረው። ከቀዳዳው ሥር የውሃ መቀበያ ሳህን አድርጊ። ይህቺን እንዳትረሺ!

ክብደቱንም አስቢ። ሃያ ሊትር ጀሪካን እርጥብ አፈር ሲሞላ ከ25 ኪሎ በላይ ነው። መሬት ላይ ግድግዳ አስጠግተሽ ደርድሪ እንጂ የበረንዳው ብረት ላይ አታንጠልጥዪ።

ስለ ጎረቤት ደግሞ፣ እኔን ያስተዋወቀኝ የቡና አተላ ነው። ኮምፖስት ልሠራ ፈልጌ የእኛ ቤት ልጣጭ አልበቃ አለኝ። ከፎቃችን በር በር እያንኳኳሁ «የቡና አተላና የእንቁላል ቅርፊት አትጣሉብኝ» አልኩ። ሰው ስኳር አበድረኝ ስትዪው ፊቱን ሊያጠቁር ይችላል። ቆሻሻህን ስጠኝ ስትዪው ግን ግራ ይገባዋል፣ ይስቃል፣ ከዚያ ግቢ ይልሻል።

ገበያ ይሻላል
ሰኔ 5 ቀን 2017፣ ጠዋት 1፡50

ይቅርታ አድርጉልኝና አንድ እስር ጎመን ለማግኘት ሁለት ወር ጀሪካን ማጠጣት ምን የሚሉት ነው? ጉሊት ወርዶ መግዛት እያለ። በ2015 የሌማት ትሩፋት ከታወጀ ወዲህ ሁሉም ሰው ገበሬ ሆነብን።

ደግሞ ጓሮ ያፋቅራል ትላላችሁ። እኔ ተከራይ ሳለሁ የተከልኩትን ቃሪያ አንዷን እንኳ ሳልቀምስ አለቀ። አከራዮቼ «ከመሬታችን ላይ የበቀለ ነው» አሉኝ። የሚያጣላውም ያው ጓሮ ነው።

በሶብላ
ሰኔ 5 ቀን 2017፣ ጠዋት 2፡05

አንተ ሰውዬ፣ ያቺ ቃሪያ እስከዛሬ አልወጣችልህም እኮ! ሃሃሃ

ጡረተኛው ገበሬ
ሰኔ 5 ቀን 2017፣ ከሰዓት 9፡20

ልጆቼ እንደምን ዋላችሁ። በግብርና ሥራ 31 ዓመት አገልግዬ ነው ጡረታ የወጣሁት። በስልክ መጻፍ ስለሚያስቸግረኝ ፊደል ብስት እለፉኝ።

የአዲስ አበባ ክረምት ሁሉን ያበቅላል የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አያበቅልም። ዝናቡ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይበረታል፣ ፀሐይም ትጠፋለች። ቅጠሉ የሚበላ ተክል ይህን ይችለዋል። ፍሬው የሚበላ አይችለውም። ስለዚህ ልጄ አሁን ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ አድርጊ። የአበሻ ጎመን ከዘር ተነስቶ በሁለት ወር ገደማ ይቀነጠባል። ከታች ያለውን ቅጠል እየወሰድሽ አናቱን ከተውሽለት ለወራት ትበዪዋለሽ። ቆስጣም እንዲሁ። ካሮት ከፈለግሽ ጥልቅ ዕቃ ይፈልጋል፣ ከአንድ ስንዝር በላይ። ችግኙን ነቅለሽ አታዛውሪው፣ ሥሩ ይጣመማል። ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ ከደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅለሽ እዚያው ዝሪው፣ ሲበቅል መሃል መሃሉን ነቅለሽ አሳሺው።

ቲማቲምን በክረምት አትንኪ። ቅዝቃዜና እርጥበት ሲገጥሙ ድንችንም ቲማቲምንም የሚመታ በሽታ አለ። ሰው «ምች መታው» ይላል። ቅጠሉ ይጠቁራል፣ በሳምንት ውስጥ ግንዱ ድረስ ያልቃል። በፈረንጅ 1845 አየርላንድ ገብቶ ድንቹን አጥፍቶ ሕዝብ የፈጀው ይኸው በሽታ ነው። እንግዲህ ከእሱ ጋር በጀሪካን ለመታገል ካማረሽ እወቂበት። ካልሆነ የቲማቲም ዘር ነሐሴ መጨረሻ አፍሺ፣ ከአራት ከአምስት ሳምንት በኋላ መስከረም መገባደጃ ላይ ችግኙን አዛውሪ። ያኔ ፀሐዩም አለ፣ ዝናቡም ወጥቷል።

ጤና አዳም ውሃ የሚተኛበት ቦታ አይወድም። አፈሩ ላይ አሸዋ ጨምሪበት። ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፦ ጤና አዳም በጠራራ ፀሐይ አትቁረጡ። ጭማቂው ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው እንደ እሳት ያቃጥላል፣ ውሃ ይቋጥራል። ጠዋት ወይም ማታ ቁረጡ፣ እጃችሁን ታጠቡ።

ስለ ጎረቤት የምመክረው የለኝም። በሥራ ዘመኔ ብዙ ገበሬ አስተምሬአለሁ። ጓደኛ ያፈራሁት ግን ከጡረታ በኋላ ነው፣ ያውም ነጭ ሽንኩርት አበላሽቼ አንድ ተራ ሰው ስለሳቀብኝ።

የድሮ ሰፈር ልጅ
ሰኔ 5 ቀን 2017፣ ምሽት 1፡30

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ! እንደዚህ አብራርቶ የነገረኝ የለም። የነጭ ሽንኩርቱን ነገር ግን ጀምረው እንዳይተዉት።

ጡረተኛው ገበሬ
ሰኔ 6 ቀን 2017፣ ጠዋት 3፡10

እሺ ልጄ። የመጀመሪያው የጡረታ ዓመቴ ነበር። ሥራ መፍታት አሞኝ ነበርና ነጭ ሽንኩርት በሰፊው ተከልኩ። በመጽሐፉ ልክ፣ ርቀቱን በሜትር ለክቼ፣ አንድ ፍሬ ሳይዛነፍ። አንድ ነገር ብቻ ረሳሁ። ቦታው ረባዳ ነበር። ሐምሌ ላይ ውሃ ተኛበት፣ ሁሉም በሰበሰ። መንደራችን ውስጥ ከብት የሚያረቡ አንድ አዛውንት በአጥር ላይ ያዩኝ ነበር። መጡና «አቶ ባለሙያ፣ ሩዝ ነው እንዴ የዘሩት?» አሉኝ። ሦስት ቀን ተኮራርፈን ሰነበትን። በአራተኛው ቀን አንድ ጋሪ ፍግ ይዘው መጥተው መደቡን ከፍ አድርገን አብረን ሠራነው። ዛሬ ስምንት ዓመታችን ነው። አሁንም ሰው ፊት «ሩዝ» እያሉ ነው የሚጠሩኝ።

ከደብረ ብርሃን
ሰኔ 7 ቀን 2017፣ ምሽት 2፡00

ጋሼ ሩዝ! ሃሃሃ፣ ይቅርታ ጋሼ።

የአዲስ አበባ ሰዎች ታድላችኋል። እኛ ጋ ክረምቱን ያመለጠ በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ይበላዋል። ማታ ደህና የነበረ የድንች ቅጠል ጠዋት የተቀቀለ መስሎ ታገኘዋለህ። ሰማዩ ጥርት ካለ፣ ንፋስም ከሌለ፣ ያ ሌሊት ያስፈራል። እኛ ምልክት አለን። ማታ ማታ ከጎረቤት አንዱ ወደ ሰማይ አይቶ «ዛሬ ይወርዳል!» ብሎ ይጮሃል። ያኔ ሁሉም ጆንያውን፣ አሮጌ ብርድ ልብሱን፣ ገለባውን ይዞ ይወጣል። ሚስቴ «በዓመት አንዴ የምታወራቸውን ሰዎች ያገናኘህ ውርጭ ነው» ትለኛለች። እውነቷን ነው። የማን ጎመን እንደተሸፈነ የማን እንደቀረ ጠዋት እናያለን። ለሌለ ሰው እንሸፍንለታለን። አንድ ሌሊት ቁልፍ ስላልነበረን በአጥር ዘለን የሰው ጓሮ ሸፍነን፣ ውሻው ሱሪዬን ቀዶታል።

ሲልቨር ስፕሪንግ
ሰኔ 8 ቀን 2017፣ ጠዋት 12፡30

ሰላም ከሜሪላንድ። ስለ ውርጭ ስታነሱ ዝም ማለት አልቻልኩም። እዚህ እስከ ኤፕሪል መጨረሻ ድረስ ውርጭ ሊመጣ ይችላል። በሶብላ ሜይ አጋማሽ ሳይደርስ ውጭ ካወጣህ አለቀልህ። ጎመን ግን ብርዱን ይችላል፣ እንዲያውም ቀለል ያለ ውርጭ ካገኘው በኋላ ይጣፍጣል። ኮሰረት ብርድ ስለማይችል በዕቃ ተክዬ ኦክቶበር ላይ ቤት አስገባዋለሁ። ክረምቱን መስኮት ሥር ከሶፋዬ ጋር ይኖራል።

እኔ የምኖረው አፓርታማ ነው። ካውንቲው (የአካባቢው አስተዳደር) በዓመት እያከራየ የሚሰጠው መደብ አለ፣ ከዚያ አንዱን ይዣለሁ። ከጎኔ ያለው መደብ የአንድ ኤልሳልቫዶራዊ ሽማግሌ ነው። እሱ እንግሊዝኛ አይችልም፣ እኔ ስፓኒሽ አልችልም። የመጀመሪያው ዓመት ጎመኔን እያየ ራሱን ይነቀንቅ ነበር። ቅጠሉን ብቻ ቀንጥቤ አናቱን መተዌ ገርሞት ኖሯል። አንድ ቀን አብስዬ በሣህን አመጣሁለት፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር። በሳምንቱ አንድ እፍኝ ቀይ አደንጓሬ በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ። እንዴት እንደሚዘራ ጣቱን አፈር ውስጥ አስገብቶ አሳየኝ። አሁን አምስተኛ ዓመታችን ነው። ስሜን እስካሁን በትክክል መጥራት አልቻለም። እኔ ባልመጣሁበት ቀን ግን መደቤ ውሃ ጠጥቶ ነው የማገኘው።

አንድ ማሳሰቢያ። ከአገር ቤት ስትመጡ ዘርና ቅርንጫፍ ሻንጣ ውስጥ ደብቃችሁ አታምጡ። ለመትከል የሚገባ ዘር የጤና ምስክር ወረቀት ይጠየቅበታል። እናቴ ያመጣችው ኮሰረት ኤርፖርት ላይ ሲጣል አልቅሳለች። የአበሻ ጎመን ዘር እዚሁ የሚሸጡ የዘር ድርጅቶች አሉ። ጤና አዳምም ዘመዱ በየችግኝ መሸጫው አለ፣ «ሩ» ይሉታል።

የረሖቮት ልጅ
ሰኔ 9 ቀን 2017፣ ከሰዓት 8፡45

ይህን የምጽፈው እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ነው። አንብቤላት «ለልጅቷ ንገራት» ብላኛለች።

እናቴ ከጎንደር ገጠር ነው የመጣችው። እስራኤል የገባች ዓመት እንደ ለመደችው በሰኔ ጎመን ዘራች። እዚህ ግን ዝናቡ የሚጀምረው ጥቅምት ኅዳር ላይ ነው፣ በጋው ጠብታ የለውም። በሁለት ሳምንት አረረ። አላወቀችምና መሬቱ አልተቀበለኝም ብላ አዘነች። ያን ያዩ አንዲት የሞሮኮ ተወላጅ የሆኑ ጎረቤት በእጅ ምልክት «ጠብቂ፣ ጠብቂ» አሏት። ዝናቡ ሲመጣ ራሳቸው መጥተው በር አንኳኩ። የጓሯችን አቆጣጠር ያኔ ተገለበጠ። አሁን ጎመን የምንበላው በእነ ጥርና የካቲት ነው።

በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የሽሚታ ዓመት ነበር። በሰባት ዓመት አንዴ መሬት የሚያርፍበት ማለት ነው። እናቴ ያን ዓመት መሬቱን አልነካችም፣ ቤት ውስጥ በዕቃ ብቻ ጤና አዳምና በሶብላ ያዘች። ሁለቱ ሴቶች ያን ዓመት ባዶው ጓሮ ላይ ወንበር አውጥተው ተቀመጡበት። «ከሁሉ የበለጠ ያወራነው ሥራ የፈታን ዓመት ነው» ትላለች። ለአንቺም እንዲህ ብለህ ጻፍላት ተብያለሁ፦ «በር ክፈቺ፣ ወንበር አውጪ።»

የድሮ ሰፈር ልጅ
ሐምሌ 16 ቀን 2017፣ ምሽት 3፡05

ጠፋሁ አይደል? ጉድ ሆኜ ነው።

አምስት ጀሪካን አዘጋጀሁ። አፈር ከየት አመጣ ብዬ ስጨነቅ የብሎካችን ጥበቃ ነው የደረሰልኝ። ለካ ከመንዝ የመጣ ገበሬ ነው፣ እርሻውን ለወንድሙ ትቶ። ጥቁር አፈር፣ የበሰበሰ ፍግና አሸዋ በየተራ ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ አወጣልኝ። ገንዘብ ስሰጠው የድካሙን ተቀበለ፣ «ዘሩን ግን እኔ ልዝራው» አለ። እጁ ሲዘራ ማየት ነበረባችሁ። እኔ ዘጠኝ ዓመት ስበትን ነው የኖርኩት።

ጎመኑም ቆስጣውም በቀለ። ችግሩ ሌላ ነው። በሶብላ «እንዳትረሺ» ያለችኝን ረሳሁ። ሳህን አላደረግኩም። የጭቃ ውሃ ከላይ ወደ ሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ሲንጠባጠብ ሰንብቷል፣ ያውም በታጠበ ነጭ ነጠላ ላይ። ቅዳሜ ጠዋት በሬ በኃይል ተንኳኳ። ከፈትኩ። አንዲት ሴት ነጠላዋን ይዛ ቆማለች። የተናገረችኝን እዚህ አልጽፈውም፣ ትክክልም ነበረች።

ነጠላውን ተቀብዬ ልጠብልሽ አልኩ። ውሃ የለም፣ ፈረቃችን አይደለም። ሁለታችንም ባዶውን ባልዲ አየን። እኔ ሳላስበው ሳቄ አመለጠኝ፣ እሷም ተከተለችኝ። ከዚያ ተናዳ እንደመጣች ትዝ ሲላት ፊቷን መልሳ ኮስተር አደረገች። ወጣች። ማታ ላይ ሦስት አሮጌ ትሪ ይዛ ተመለሰች። «ከሥሩ አድርጊው» አለችኝ። በሩ ላይ ቆማ ወደ በረንዳው አጮልቃ «ይሄ ቆስጣ ነው?» አለች።

በሶብላ
ሐምሌ 16 ቀን 2017፣ ምሽት 3፡20

እኔ ምን አልኩ! ምን አልኩ! ግን እንኳንም ረሳሽው።

ገበያ ይሻላል
ሐምሌ 17 ቀን 2017፣ ጠዋት 2፡15

ነጠላው ለቀቀ? እሱን ነው ማወቅ የምፈልገው።

የድሮ ሰፈር ልጅ
ሐምሌ 17 ቀን 2017፣ ጠዋት 4፡00

ጥለቱ አካባቢ ትንሽ ቀርቷል። ስታየኝ ሁልጊዜ ያንን ጫፍ ታሳየኛለች።

የድሮ ሰፈር ልጅ
ጥቅምት 9 ቀን 2018፣ ምሽት 1፡50

ሰላም ናችሁ? ጋሼ፣ ቲማቲሙን እንዳሉኝ ነሐሴ መጨረሻ አፍልቼ መስከረም 22 አዛወርኩት። ቆሟል። ጎመኑ ላይ ግን ግራጫ የሆነች፣ ዱቄት የተነፋባት የምትመስል ደቃቅ ነገር ከቅጠሉ ሥር ሞላች። ምን ላድርግ?

ሌላም ወሬ አለኝ። ባለፈው እሑድ እማማ ጋ ሄድኩ። የእኛን ቤት የያዙት ሰዎች የቆርቆሮውን አጥር አፍርሰው በብሎኬት ገንብተውታል። ከውጭ ሳየው ሆዴን ባር ባር አለኝ። እማማ «ከዚያ ወዲህ ጎመን ሲተርፈኝ ለማን ልስጥ ብዬ ለበግ እሰጣለሁ» አሉኝ። አዲሶቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም፣ ቀን ቀን ቤት አይገኙም። ስወጣ ኮሰረታቸውን በማጭድ እየገነጠሉ አንድ ክንድ ሙሉ ሰጡኝ። «ሁሉም አይጸድቅም፣ ብዙ አድርገሽ ትከዪ» ብለው። በታክሲ ስመጣ መኪናው በሙሉ ቅቤ ቅቤ ሸተተ፣ ረዳቱ «እናት፣ ንጥር ቅቤ ይዘሻል እንዴ?» አለኝ።

ጡረተኛው ገበሬ
ጥቅምት 10 ቀን 2018፣ ጠዋት 3፡30

ልጄ ያቺ ክሽክሽ ነች። ዝናቡ ሲያበቃና አየሩ ሲደርቅ ትራባለች። ጥቂት ከሆነች በጣትሽ ጨፍልቂያት፣ በጣም የወረረችውን ቅጠል አውጥተሽ ጣዪ። ከዚያ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠሽ ከቅጠሉ ሥር እርጪ፣ ማታ ማታ፣ በሦስት በአራት ቀን ልዩነት። ከመብላትሽ በፊት በደንብ እጠቢው። ከላይ ብቻ ብትረጪ ዋጋ የለውም፣ የምትኖረው ከሥር ነው።

ኮሰረቱን ቅጠሉን ከታች አራግፈሽ፣ ሁለት ሦስት አንጓ አፈር ውስጥ ገባ አድርገሽ ትከዪ። ሥር እስኪይዝ ጥላ ሥር ይሁን። እማማን ሰላም በይልኝ። ለበግ የሚሰጡትን ጎመን ለእኔ ይላኩልኝ በያቸው።

የድሮ ሰፈር ልጅ
ኅዳር 14 ቀን 2018፣ ምሽት 2፡25

ጋሼ፣ ሳሙናው ሠራ።

ከሃያ አራት የኮሰረት ቅርንጫፍ አሥራ አንዱ ጸደቀ። ሁለቱን እኔ ይዣለሁ። አንዱ ለሦስተኛ ፎቋ (የነጠላዋ ባለቤት፣ አሁን ሦስት ጀሪካን አላት)። አንዱን ጥበቃው ከደረጃው ሥር ባለችው ክፍት መሬት ተክሎታል፣ ማንም እንዳይረግጠው ዙሪያውን በድንጋይ አጥሯል። አንዱን ለእማማ እመልሳለሁ፣ የእሳቸው ግንድ ሲቆረጥ ተጎድቶ ደርቋል።

ስድስት ቀረኝ። አዲስ አበባ ያላችሁ ማን ይፈልጋል? በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልዬ አስቀምጣለሁ። የቡና አተላ ይዞ የመጣ ቅድሚያ አለው።

በሶብላ
ኅዳር 14 ቀን 2018፣ ምሽት 2፡31

ሁለት ያዢልኝ! አተላው በፌስታል ተዘጋጅቷል።

ገበያ ይሻላል
ኅዳር 14 ቀን 2018፣ ምሽት 2፡58

አንድ ለእኔ። ለሚስቴ ነው። የቃሪያ ችግኝ ያለው ሰው ደግሞ ካለ…